ፋይሉ ንጹሕ ነው፣ ፋብሪካውስ? የሠራተኛ መብት ክትትል እንዴት ይሠራል

አንድ ፋብሪካ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ፋይል ነው። ወፍራም፣ በቀለም የተከፋፈለ፣ አንድ ወረቀት የማይጎድልበት ፋይል። ፖሊሲው አለ፣ ሰርተፊኬቱ አለ፣ የሥልጠናው ፎቶ ሳይቀር አለ። እኔ አመስግኜ እቀበልና መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ እጠይቃለሁ። እንግዳ መጸዳጃ ቤት ልሂድ ሲል ማንም አይከለክልም። መንገዱም አብዛኛውን ጊዜ በሥራው ቦታ መሃል ነው የሚያልፈው። ማንም ሳያሳምርላችሁ የምታዩት የመጀመሪያው ነገር እዚያ ነው። ሴቶች የመውጫ ካርድ ለመቀበል ተሰልፈው ካያችሁ፣ ወይም አንድ ሱፐርቫይዘር በሩ ላይ ሰዓቱን እያየ ከቆመ፣ ፋይሉ ያልነገራችሁን አንድ ነገር ያዛችሁ።

ይህን የሠራተኛ መብት ክትትል፣ ኦዲት የሚሉትን ሥራ፣ ለረጅም ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ የፋብሪካዎችን ምርት ለሚገዙ ኩባንያዎችም (ከዚህ በኋላ "ገዢ" የምላቸው እነሱን ነው)፣ ለሠራተኛ ማኅበራትም። አሁን አዳዲሶችን አሠለጥናለሁ። ለሠልጣኞቼ ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ጉዳይ "ተረጋገጠ" የሚባለው ወረቀቱ፣ ዓይናችሁና የሠራተኛው ቃል ሲገጥሙ ነው። ሦስቱ ካልገጠሙ ደግሞ አለመግጠሙ ራሱ ግኝት ነው። ወረቀት ለወረቀት መሰከረ ብላችሁ አትመለሱ። ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

በምን ትለካላችሁ?

"ዓለም አቀፍ የሥራ ደረጃ" ሲባል ብዙ ሰው አንድ ትልቅ የሕግ መጽሐፍ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም። መሠረቱ በ1919 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት፣ አይኤልኦ፣ ያወጣቸው ኮንቬንሽኖች፣ ማለትም ስምምነቶች፣ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኮንቬንሽኖቹ ብዙ ናቸው። እናንተ ግን መጀመሪያ በደንብ መያዝ ያለባችሁ መሠረታዊ የሚባሉትን 10 ነው። በ5 ጉዳይ ይከፈላሉ። የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብት፣ ቁጥር 87 እና 98። የግዳጅ ሥራ፣ 29 እና 105። የሕጻናት ጉልበት ብዝበዛ፣ 138 እና 182። እኩል ክፍያና አድልዎ፣ 100 እና 111። የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት፣ 155 እና 187። የመጨረሻው ከመሠረታዊዎቹ ጋር የተቀላቀለው በ2022 ነው። አሮጌ ቼክሊስት የያዘ ኦዲተር ዛሬም "አራቱ መሠረታዊ መብቶች" ሲል ትሰሙታላችሁ።

ከእነዚህ ሌላ በየቀኑ የሚያስፈልጓችሁ አሉ። ቁጥር 1፣ የ1919ኙ፣ የኢንዱስትሪ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድባል፤ ለትርፍ ሰዓት የሚከፈለውም ከመደበኛው ቢያንስ አንድ ከሩብ እጥፍ ይሁን ይላል። ቁጥር 14 በየ7 ቀኑ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይላል። ቁጥር 95 ስለ ደመወዝ አከፋፈልና ተቀናሽ ነው። የ2019ኙ ቁጥር 190 በሥራ ዓለም ስላለ ጥቃትና ትንኮሳ ነው። የብዙ ገዢዎች የራሳቸው ደንብ ደግሞ ከነትርፍ ሰዓቱ በሳምንት 60 ሰዓት ላይ ያቆማል።

አሁን አንድ ጀማሪዎች ሁሉ የሚስቱት ነገር አለ። ኮንቬንሽን የሚያጸድቀው መንግሥት እንጂ ኩባንያ አይደለም። ስለዚህ ሪፖርታችሁ ላይ "ፋብሪካው ኮንቬንሽን 87ን ጥሷል" ብላችሁ ከጻፋችሁ የፋብሪካው ጠበቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥላችኋል። አጻጻፉ እንዲህ ነው፦ የአገሩን ሕግ ይህን አንቀጽ ይጥሳል፤ ኩባንያው ራሱ የፈረመውን ይህን የሥነ ምግባር ደንብ ይጥሳል፤ ከኮንቬንሽኑ መርህ ጋርም አይሄድም። ኩባንያዎች መብት የማክበር ኃላፊነት አለባቸው የሚለው ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት በ2011 ባጸደቃቸው የንግድና የሰብአዊ መብት መመሪያ መርሆዎች ላይ ሰፍሯል። በዚያ ላይ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ ኦኢሲዲ፣ ያወጣው የብዝኃ አገር ኩባንያዎች መመሪያ አለ፤ መጨረሻ የታደሰው በ2023 ነው። ይህንን ወደ ታች እመለስበታለሁ፤ አቤቱታ ማቅረቢያ መንገድ ስላለው።

የአገሩ ሕግና የገዢው ደንብ ሲለያዩ ለሠራተኛው የሚሻለውን ያዙ። ብዙ ደንቦች ራሳቸው እንዲህ ይላሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ኖርምሌክስ የሚባል የአይኤልኦ የመረጃ ቋት አለ፤ ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያ የለውም። የአገሩን ስም አስገቡና የትኞቹን ኮንቬንሽኖች እንዳጸደቀ እዩ። ከዚያ የባለሙያዎች ኮሚቴው ስለዚያ አገር የጻፈውን አስተያየት አንብቡ። ይኼ ኮሚቴ ከ1926 ጀምሮ የአገሮችን ሪፖርት የሚመረምር ነው። አጻጻፉ ደረቅ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል። ግን "ኮሚቴው በዚህ ዘርፍ ያሉ ሠራተኞች ከሕጉ ሽፋን ውጭ መሆናቸውን በስጋት ይመለከታል" የምትል አንዲት መስመር ካገኛችሁ የጉብኝታችሁን ግማሽ ሠራችሁ።

ከዚያ የፋብሪካውን አቅም አጥኑ። ስንት ማሽን አለ? ስንት ትዕዛዝ ተቀብሏል? ትዕዛዙ ከማሽኑ በላይ ከሆነ ሥራው ሌላ ቦታ እየተሠራ ነው። ያ ሌላ ቦታ ንዑስ ተቋራጭ ነው፤ ምናልባት ምልክት የሌለው ግቢ፣ ምናልባትም የሰው ሳሎን። እውነተኛው ችግር ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው። የትኛው ፋብሪካ ለየትኛው ገዢ እንደሚያቀርብ ለማወቅ ኦፕን ሰፕላይ ሃብ የሚባለውን ክፍት መዝገብ ፈልጉ፤ ገዢዎቹ ራሳቸው የሚያወጡትን የአቅራቢ ዝርዝርም እዩ።

የሠራተኛ ማኅበሩን፣ ማኅበር ከሌለም በአካባቢው ከሠራተኞች ጋር የሚሠሩ ድርጅቶችን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ከጉብኝቱ በኋላ ሳይሆን በፊት። የት መቆፈር እንዳለባችሁ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቀኑን በተመለከተ፦ ቀን ቆርጦ የተነገረ ጉብኝት የሚያሳያችሁ የታጠበ ወለል ነው። ድንገተኛ ከተከለከላችሁ "በእነዚህ አራት ሳምንታት ውስጥ በአንዱ ቀን እንመጣለን" በሉ። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ይሁን። ሥራ በቀዘቀዘበት ወር ትርፍ ሰዓት ፍለጋ መሄድ ድካም ነው።

በሥራው ቦታ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ዓይን ያለው ሰው ያያል። መውጫ በሮቹን በእጃችሁ ገፍታችሁ ክፈቱ እንጂ "ይከፈታል" መባሉን አትቀበሉ። መውጫው ከውጭ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ሆኖ አውቃለሁ። የእሳት ማጥፊያው ሲሊንደር ጌጁ አረንጓዴው ላይ ነው? ማስታወቂያ ሰሌዳው ሠራተኞቹ በሚያነቡት ቋንቋ ነው? የማሽኑ መከላከያ ተነቅሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል? ሲነቀል ሥራው ይፈጥናልና።

ግን ሁለት አደጋዎችን አስታውሱ። በመስከረም 2012 ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው ልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። መስኮቶቹ በብረት ታጥረው ነበር፤ መውጫዎቹ ተቆልፈው ነበር። ፋብሪካው ኤስኤ 8000 የሚባለውን የማኅበራዊ ኃላፊነት ሰርተፊኬት ካገኘ ሳምንታት ብቻ ነበሩ። በሚያዝያ 24፣ 2013 ደግሞ ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። ስንጥቁ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ሕንጻው ውስጥ የነበረ ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤት ላከ። የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። በዚያ ሕንጻ ከነበሩት ፋብሪካዎች ኦዲት የተደረጉ ነበሩበት። ኦዲተሮቹ የሕንጻውን ጥንካሬ እንዲያዩ አልተላኩም ነበር። ስለዚህ አላዩም።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት አንድ ልማድ ነው። ሪፖርቴ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያላየሁትን እጽፋለሁ። "የሕንጻው መዋቅር በመሐንዲስ አልተመረመረም። የሠራተኞች መኖሪያ አልተጎበኘም። የማታ ፈረቃ አልታየም።" ገዢዎች ይህን ገጽ አይወዱትም። ሰርተፊኬታቸው ላይ ጥላ ይጥልባቸዋል። ይጣልባቸው።

መዝገብ ከመዝገብ

ወደምወደው ክፍል መጣን። ሦስት ወር ምረጡ፦ ሥራ የበዛበት፣ ሥራ የቀዘቀዘበት፣ እና የቅርብ ጊዜው። የሠራተኞቹን ስም ራሳችሁ ምረጡ። ከየክፍሉ፣ ከየደረጃው፣ ወንድም ሴትም። "እነዚህን አዘጋጅተንላችኋል" ሲሉ ተቀበሉና ሌሎቹን ጨምሩ።

አቴንዳንስ ስታዩ መዝገቡ ባማረ ቁጥር ጠርጥሩ። ሰው ነው። አንዱ ቀድሞ ይገባል፣ አንዱ ትራንስፖርት ያጣል፣ አንዷ ልጇ ታሞባት ትቀራለች። 300 ሰው ወር ሙሉ ልክ በሰዓቱ ገብቶ ልክ በሰዓቱ የሚወጣበት መዝገብ ካያችሁ አንድ ሰው ተቀምጦ የጻፈው ነው። ፊርማዎቹንም እዩ። የ40 ሰው ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዝንባሌ ከተፈረመ ያው ነው።

አቴንዳንሱን ግን በአቴንዳንስ አታጋልጡትም። ስለ ሥራ ሰዓት የማያስብ ሰው የያዘውን መዝገብ ፈልጉ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ያ የተሰበረ መርፌ መዝገብ ነው። መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ልብሱ ውስጥ ቀርቶ ደንበኛ እንዳይወጋ ቁርጥራጮቹ ተለቅመው ወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ። ከጎኑ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የማሽኑ ቁጥርና የሰፊዋ ስም ይጻፋል። አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። መዝገቡን የሚይዘው የጥራት ክፍል ነው። ለጥራት ክፍል እሁድም ሰኞም አንድ ነው፤ እሱን የሚያስጨንቀው መርፌው ነው።

አንድ ፋብሪካ "እሁድ ዝግ ነን" አለኝ። አቴንዳንሱም ያንኑ አለ። የመርፌ መዝገቡን ስገልጥ እሁድ ከሰዓት በኋላ የተሰበሩ መርፌዎች፣ ከነሰፊዎቹ ስም፣ ተለጥፈው ቁጭ ብለዋል። የሰው ኃይል ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ቀን ተሳስተው ነው" አለኝ። እሺ ብዬ ከበር ዘበኞቹ የመኪና መውጫ መዝገብ ጠየቅሁ። በዚያው እሁድ ኮንቴይነር ተጭኖ ወጥቷል። ኃላፊው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "ሌላም መዝገብ አለን" አለና ሁለተኛው ፔይሮል፣ የደመወዝ መዝገብ፣ ከመሳቢያ ወጣ። እውነተኛው እሱ ነበር። ጥሩ ነገሩ፣ ሠራተኞቹ የእሁዱ ተከፍሏቸዋል። መጥፎው፣ በነጠላ ዋጋ ነው የተከፈላቸው።

ልብስ ስፌት ካልሆነስ? የጄኔሬተር ነዳጅ መዝገብ፣ የክሊኒኩ የሕመምተኛ መዝገብ፣ የሠራተኛ ሰርቪስ መኪናው የጉዞ ወረቀት፣ የካፍቴሪያው ቲኬት። ማታ 4 ሰዓት ላይ ጣቱ ተቆርጦ ክሊኒክ የታከመ ሰው አቴንዳንሱ 11 ሰዓት ወጥቷል ካለ፣ አንዱ መዝገብ ዋሽቷል። የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ሒሳብም ይረዳል። አንድ መስመር 30 ሠራተኛ አለው እንበል። አንድ ሸሚዝ ለመጨረስ በፋብሪካው በራሱ መለኪያ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ምርታማነታቸው 60 በመቶ ነው፤ ይህንንም የሚነግሯችሁ ራሳቸው ናቸው። 30 ሰው በ480 ደቂቃ፣ ማለትም በ8 ሰዓት፣ በ60 በመቶ ሲሠራ 432 ሸሚዝ ያወጣል። የዕለቱ የምርት ሰሌዳ 700 ካለ ያንን ለማውጣት 13 ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። አቴንዳንሱ 8 ሰዓት ካለ የቀሩት 5 ሰዓታት የት ሄዱ? ጥያቄው ይኼው ነው፤ ለምርት ኃላፊው አቅርቡት እንጂ ለሰው ኃይል አይደለም። የምርት ኃላፊ በምርቱ ይኮራል። ስለሚኮራም ይናገራል።

ደመወዙን በእጃችሁ አስሉ። ሲስተሙ ያሰላዋል ብላችሁ አትለፉት። ለእያንዳንዱ ናሙና ሠራተኛ መደበኛውን ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱን፣ የእረፍት ቀኑን ለይታችሁ አባዙ። በሠሩት ቁጥር ልክ የሚከፈላቸው ካሉ ያገኙትን በሠሩበት ሰዓት አካፍሉ፤ ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች ወርዶ ታገኙት ይሆናል። ከዚያ ተቀናሹን እዩ። ለተበላሸ ዕቃ፣ ለዩኒፎርም፣ ለማርፈድ የሚቆረጥ ቅጣት ሕጉ ይፈቅዳል? የ10 ደቂቃ ማርፈድ የግማሽ ቀን ደመወዝ ካስቆረጠ እሱ ቅጣት ሳይሆን ዝርፊያ ነው።

ሠራተኛውን ማናገር

መዝገብ ስንት ሰዓት እንደተሠራ ይነግራችኋል። እምቢ ያለች ሴት ምን እንደሆነች አይነግራችሁም። ለዚያ ሰው ማናገር አለባችሁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ኦዲት የሚከሽፈው። ሰው ኃይል ቢሮ ውስጥ፣ በመስታወት ግድግዳ በኩል አለቃው እያየ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 10 ደቂቃ ተሰጥቶ የሚደረግ ነገር ቃለ መጠይቅ አይባልም።

የሚሻለው ከግቢው ውጭ ነው፤ በእረፍት ቀናቸው፣ በሚያምኑት ሰው በኩል። ካልተቻለ ራሳችሁ የመረጣችሁት፣ ከካሜራ የራቀ ክፍል። አስተርጓሚ ካስፈለገ ከፋብሪካው አይሁን። ስለ ትንኮሳ ሴቶችን የምታነጋግር ሴት ትሁን። አራት አምስት ሆነው የሚያወሩት አለ፤ ስለ ምግብ፣ ስለ ሰርቪስ፣ ስለ ሰዓት። ለብቻ ብቻ የሚወራም አለ። አዲስ የተቀጠሩትን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ ከሌላ አገር የመጡትን፣ በኤጀንሲ የገቡትን አትዝለሉ። ጽዳቶቹንና ዘበኞቹንም። ጽዳቶች ሁሉም ክፍል ይገባሉ። ማንም ደግሞ አስጠንቅቋቸው አያውቅም።

ጥያቄው ላይ ጊዜ ውሰዱ። "ትርፍ ሰዓት የምትሠራው በፈቃድህ ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ "አዎ" ነው። ምን ይበል? በምትኩ "ባለፈው ሳምንት ማታ አልቆይም ያለ ሰው ነበር? ከዚያስ?" በሉ። ስለ ሌላ ሰው ማውራት ይቀላል። "አለቃሽ ይሰድብሻል?" ከማለት "ሥራ ሲበላሽ ሱፐርቫይዘሮች ምን ይላሉ? እስቲ እንዴት እንደሚሉት አሳዪኝ" ብትሉ ይሻላል። አንዳንዷ ሳቅ ብላ ድምፁን አስመስላ ታሳያችኋለች። እንዲህ ያለውን ፈልጋችሁ አታመጡትም።

አስጠንተዋቸው እንደሆነ ቶሎ ታውቃላችሁ። አምስት ሰው በተከታታይ "ማኔጅመንቱ እንደ ቤተሰብ ነው፣ በሳምንት ከ60 ሰዓት አንበልጥም" ካላችሁ ሰዓቱን መጠየቅ አቁሙ። ሠራተኛ ስለ ሳምንታዊ ሰዓት ድምር አያስብም። ልጅ ያላትን ሴት "ትናንት ቤት ስትገቢ ልጆቹ ተኝተው ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። "ማን አበላቸው?" በሉ። እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ የሚያስጠና ሰው የለም።

የግዳጅ ሥራን ለማወቅ አይኤልኦ ያወጣቸው 11 ምልክቶች አሉ። ማታለል፣ የዕዳ እስራት፣ መታወቂያና ፓስፖርት መያዝ፣ ደመወዝ መከልከል፣ ከግቢ እንዳይወጡ ማድረግ፣ ማስፈራራት ከእነሱ መካከል ናቸው። ሰንሰለትና ግድግዳ አትፈልጉ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ብድር ነው። "ይህን ሥራ ለማግኘት ለማን ከፈልክ? ከየት አመጣኸው? ስንት ቀረህ?" ሦስቱን ጠይቁ። የ1997ቱ ኮንቬንሽን ቁጥር 181 የግል ኤጀንሲዎች ሠራተኛውን እንዳያስከፍሉ በመርህ ይከለክላል። ፋብሪካው "እኛ አንድ ሳንቲም አልተቀበልንም" ይላችኋል፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የተቀበለው ደላላው ነው። ለሠራተኛው ግን ዕዳው ያው ነው፤ እዳውን ሳይጨርስ ሥራ መልቀቅ አይችልም። ፓስፖርቱን "ለደኅንነቱ ብለን ካዝና ውስጥ አስቀመጥንለት" ካሏችሁ ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ሠራተኛ አሁን ቢጠይቅ፣ ለምን ሳይባል፣ ወዲያው ይሰጠዋል? እዚያው ቆማችሁ ሞክሩት።

ማስታወሻችሁ ላይ ስም አትጻፉ። ደብተራችሁን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ምሳ አትሂዱ። እኔ ኮድ ነው የምጠቀመው፤ የኮዱ ዝርዝር ከደብተሩ ጋር አይቀመጥም። ስልክ ቁጥራችሁን ስጧቸው፤ የእነሱንም ተቀበሉ። ከሄዳችሁ በኋላም "እኛን ያነጋገሩ ሰዎች ተጠርተው ነበር?" ብላችሁ አጣሩ። አንድ ሰው ለእናንተ እውነት ነግሮ እንጀራውን ካጣ፣ ሪፖርታችሁ ምን ቢያምር ዋጋ የለውም።

ማኅበሩ የእውነት ነው?

የመደራጀት መብት በኦዲት ለመያዝ ከሁሉም ይከብዳል። ኦዲት በር ሲቆለፍ ያያል፤ ሰው ሲፈራ አያይም። ቼክሊስቱ "የሠራተኛ ኮሚቴ አለ? አዎ" ብሎ ያልፋል። እናንተ አትለፉ። በሥራ ቦታው ያገኛችኋቸውን ሦስት ሰዎች "ተወካይህ ማን ነው? እንዴት ተመረጠ?" በሏቸው። ስሙን ካላወቁ ተወካይ የላቸውም። የኮሚቴው ሊቀመንበር የሰው ኃይል ኃላፊው ከሆነ (አይቻለሁ፣ ያውም ደጋግሜ) እሱ ሌላ ስብሰባ ነው። ቃለ ጉባኤዎቹን ገልብጡ። ስለ ደመወዝ አንድም ጊዜ ሳይነሳ ለሁለት ዓመት ስለ መጸዳጃ ቤት ሳሙና ብቻ የተወያየ ኮሚቴ ለታይታ የቆመ ነው።

ከሁሉም በላይ የተሰናባቾችን ዝርዝር ጠይቁ። ከማኅበሩ ምሥረታ ቀን ጋር አስተያዩት። ማኅበሩ በተመሠረተ ማግሥት "በዲሲፕሊን ጉድለት" የተባረሩት ሰዎች መሥራቾቹ ከሆኑ፣ ሌላ ማስረጃ ፍለጋ አትድከሙ። እነሱን ግን ፈልጋችሁ አነጋግሩ። የተባረረ ሰው ከእንግዲህ የሚፈራው የለውም።

ልጅ ካገኛችሁ

ወዲያው "ይህ ልጅ ከዚህ ይውጣ" አትበሉ። ከበሩ የወጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ከዚህ የባሰ ቦታ ሄዶ ይገባል። በኮንቬንሽን 138 አጠቃላይ ዝቅተኛው ዕድሜ 15 ነው፤ አንዳንድ አገሮች በ14 እንዲጀምሩ ተፈቅዷል፤ አደገኛ ሥራ ግን 18 ነው። ሥራው አሁኑኑ ይቁም፤ ልጁ ግን ደኅና ቦታ ይቆይ። ፋብሪካው የትምህርት ወጪውንና ለቤተሰቡ ያስገባ የነበረውን ገንዘብ ይሸፍን፤ ከቤቱ ሥራ ፈላጊ አዋቂ ካለ በልጁ ቦታ ይቀጠር። ዕድሜው ሲደርስ ሥራው ይጠብቀው። ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ልጆችን የሚያውቅ ድርጅት ይግባበት።

ሪፖርቱ

"ከፍተኛ የትርፍ ሰዓት ችግር ታይቷል" ምንም አይልም። "ከተመረጡት 25 ሠራተኞች 19ኙ በሦስት ተከታታይ ሳምንት ከ72 ሰዓት በላይ ሠርተዋል፤ ከመርፌ መዝገብና ከበር መዝገብ ጋር ተመሳክሯል" ግን አንድ ነገር ይላል። ሠራተኛ የሚያጋልጥ ነገር ግን አውጡ። "የማታ ፈረቃ የማሸጊያ ክፍል ሴት ሠራተኛ" ብላችሁ ከጻፋችሁና በዚያ ፈረቃ ያለችው ሴት አንዲት ብቻ ከሆነች፣ ስሟን ጻፋችሁ።

ከዚያ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ላይ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ገዢውንም ኦዲት አድርጉ። ትዕዛዙ መቼ ገባ? ዲዛይኑ ስንት ጊዜ ተቀየረ? መላኪያው ቀን ተራዘመ? ዋጋው ካለፈው ዓመት ወረደ? ቀለሙን በመጨረሻው ሳምንት የቀየረ ገዢ "ለምን እሁድ ታሠራላችሁ" ብሎ ፋብሪካውን ሲቆጣ ይገርመኛል። እሁዱን ያመጣው እሱ ነው። ግኝቱ ላይ የገዢውን ድርሻ ጻፉ። ደመወዜን የሚከፍለኝ እሱ ነው ብላችሁ ካለፋችሁት ሪፖርቱ ግማሽ ነው።

የማስተካከያ ዕቅዱ ላይ ኃላፊነቱን የሚወስደው ሰው፣ ቀኑና የሚረጋገጥበት መንገድ ይኑር። "ሥልጠና ይሰጣል" የሚለውን መፍትሔ በጥርጣሬ እዩት። እሁድ የሚሠራው ሰው ማወቅ አልጎደለውም። ውዝፍ ክፍያ ካለ በስም ዝርዝር ተሰልቶ፣ ተከፍሎ፣ ሠራተኞቹ ደርሶናል ሲሉ ብቻ ይዘጋ።

ውጤቱ ይፋ ይውጣ ብላችሁም ተከራከሩ። ከራና ፕላዛ በኋላ በግንቦት 2013 የተፈረመው የባንግላዴሽ የእሳትና የሕንጻ ደኅንነት ስምምነት፣ አኮርድ፣ ከተለመደው ኦዲት የተለየው በዚህ ነው። ገዢዎችና ማኅበራት አብረው ፈረሙት፤ በሕግ የሚያስገድድ ነበር፤ የምርመራው ውጤት በይፋ ወጣ። ጅብ ከሄደ በኋላ ነው፤ ግን እንደሚቻል አሳይቷል። መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ኦዲት ሠራተኛው ስለ ራሱ ሕንጻ እንኳ እንዲያውቅ አያደርግም።

ፋብሪካው እምቢ ካለስ?

መጀመሪያ የአገሩ የሥራ ተቆጣጣሪ ነው። የግል ኦዲት እሱን አይተካም፤ በር የማስከፈትና የመክሰስ ሥልጣን ያለው እሱ ነው። ኩባንያው የኦኢሲዲን መመሪያ ከተቀበለ አገር ከሆነ ደግሞ በዚያ አገር ብሔራዊ የግንኙነት ማዕከል አለ። ማኅበራትም፣ ሲቪል ድርጅቶችም፣ ግለሰቦችም አቤቱታ ማስገባት ይችላሉ። ካሳ የሚፈርድ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ያሸማግላል፣ መግለጫ ያወጣል። አንዳንዱ ማዕከል ይሠራል፣ አንዳንዱ ያንቀላፋል። ጉዳዩ የመደራጀት መብት ከሆነ ማኅበራት መንግሥትን በአይኤልኦ የመደራጀት ነጻነት ኮሚቴ ዘንድ መክሰስ ይችላሉ። ከ1951 ጀምሮ ያለ ኮሚቴ ነው፤ አገሩ ኮንቬንሽን 87ን ባያጸድቅም አቤቱታውን ይቀበላል።

ገዢው ውል እንዲያቋርጥ መጠየቅ መጨረሻ ይሁን፤ ሠራተኞቹን ሳትጠይቁ ደግሞ አታድርጉት። ሥራውን የሚያጡት እነሱ ናቸው።

ከስድስት ወር በኋላ ስትመለሱ የማስተካከያ ዕቅዱን ፋይል ይዘው ይጠብቋችኋል። ፎቶ አለው፣ ማኅተም አለው። ተቀበሉት። ከዚያ የዚያን ወር የመርፌ መዝገብ፣ የበር መዝገብና የምርት ሰሌዳ ጠይቁ። ባለፈው ያነጋገራችኋቸውን ሰዎች በኮዳቸው ፈልጉ። ከመካከላቸው የለቀቀ ካለ ለምን እንደለቀቀ ፋብሪካውን ሳይሆን እሱኑ ጠይቁት፤ ስልኩ አላችሁ።